የጤነኛ ጉሮሮ ሥዕል

አቶ ገብረየስ መንገድ አይወዱም። አርባ ዓመት ጅጅጋ ውስጥ በርበሬና ቅመም ሲሸጡ ከከተማዋ የወጡበት ቀን በጣት የሚቆጠር ነው። «ነጋዴ ሱቁን ትቶ ከሄደ ደንበኛውም ትቶት ይሄዳል» ይላሉ። እንግዲህ እኚህ ሰው በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ ሱቃቸውን ዘግተው፣ የአምስት ዓመት የልጅ ልጃቸውን መክሊትን እጇን ይዘው ወደ ሀርሺን በሚሄድ ሚኒባስ ሲሳፈሩ ያያቸው ሁሉ «ምን ነካቸው?» ቢል አይፈረድበትም።

የነካቸው የልጅቱ ሳል ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስታስል ከረመች፤ ስትውጥም ፊቷን ታኮሳትራለች። አንድ ጠዋት አቶ ገብረየስ አፏን አስከፍተው በመስኮቱ ብርሃን ቢያዩ፣ ከላንቃዋ ጫፍ የትንሽ ጣት ጫፍ የምታክል ቀይ ነገር ተንጠልጥላለች። «በስመ አብ! እንጥሏ ወርዷል!» አሉ። በእሳቸው ዕውቀት የወረደ እንጥል መድኃኒቱ አንድ ነው፤ መቁረጥ። ሀርሺን ከተማ ዐርዶ የሚባሉ፣ ሙያውን ከእናታቸው የወረሱ አሮጊት መኖራቸውን ሰምተው በሰው በኩል ቀጠሮ አስያዙ።

የልጅቱ እናት ቀለምወርቅ አፍደም ከተማ አስተማሪ ናት። ልጇን ለአባቷ ለአቶ ገብረየስ አደራ ሰጥታ ነው የምትሠራው። ይህን ብትሰማ እሺ እንደማትል አባቷ ያውቃሉ፤ ስለዚህ አልነገሯትም። «ከዳነች በኋላ ብትሰማ ይሻላል» ብለው ነገሩን በሆዳቸው ያዙት። እዚህ ላይ ሽማግሌው ተሳስተዋል። ግን ክፉ ሰው ሆነው አልነበረም። ልጅቱን ከዓይናቸው ብሌን አስበልጠው ስለሚወዷት ነው የተሳሳቱት፤ በፍቅር የሚሠራ ስሕተት ደግሞ ሰው በቀላሉ አይመልሰውም።

አንድ ነገር ሳልናገር እንዳላልፍ። አቶ ገብረየስ ሲናገሩ ድምፃቸው በአፍንጫቸው ይወጣል። የሶማሌ ሰው ለወዳጁ ቅጽል ስም ሲያወጣ ይሉኝታ አያውቅም፤ አንካሳውን አንካሳ፣ ረጅሙን ረጅም ብሎ በፍቅር ይጠራዋል። ለእሳቸውም «ገብሬ ሳን» የሚል ስም አወጣላቸው፤ «ሳን» አፍንጫ ማለት ነው። እሳቸውም አልተቀየሙም። «ስም ካላወጡልህ ገና እንግዳ ነህ ማለት ነው» ይላሉ። ውሃም ሆነ ሻይ ሲጠጡ በአፍንጫቸው ጠብ ስለሚል ከኪሳቸው ነጭ መሐረብ ተለይቶ አያውቅም። ለጠየቃቸው ሁሉ መልሳቸው «ከትውልዴ ነው» የምትል ናት።

ሚኒባሱ ውስጥ፣ በመስኮቱ በኩል፣ አንዲት ወጣት ጥቁር ቦርሳ ጭኗ ላይ አስቀምጣ እንደ ሕፃን አቅፋ ይዛለች።

«ልጄ፣ ይኼን ቦርሳ ጣሪያው ላይ ብናስጭነውና ልጅቱ በመሐላችን ብትቀመጥስ?» አሏት።

«ልጅቱ ትቀመጥ፣ አዴር፤ ደስ ይለኛል። ቦርሳውን ግን እኔው ልያዘው» አለች። አዴር በሶማሊኛ አጎቴ ማለት ነው፤ ትልቅ ሰው ሁሉ በዚሁ ይጠራል። «የሆስፒታል መሣሪያ ነው፤ መንገጫገጭ አይወድም።»

«ሐኪም ነሽ እንዴ?»

«አይደለሁም። ሂንዳ እባላለሁ፤ የራጅና የአልትራሳውንድ ባለሙያ ነኝ። ሀርሺን ጤና ጣቢያ ነፍሰ ጡር እናቶችን ለማየት ነው የምሄደው።»

«ጎሽ! እንኳን ለዚህ አበቃሽ» አሉ አቶ ገብረየስ፤ ከልባቸው ነበር ያሉት።

መኪናው ከጅጅጋ እንደወጣ መክሊት መዝፈን ጀመረች። ከመዋዕለ ሕፃናት የተማረችውን ሀ ሁ ሂ በራሷ ዜማ ታወጣዋለች፤ ሳሉ ሲመጣ ታቆማለች፣ ሲያልፍ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ሂንዳ በድምፅዋ ጥራት ተገረመች።

«ወዴት ነው ጉዞው፣ መክሊት?» ብላ ጠየቀቻት።

«ጉሮሮዬን የምትቆርጥልኝ ሴትዮ ጋ! አላለቅስም ብያለሁ። ከዛ አያቴ ብስኩት ይገዛልኛል።»

ሂንዳ ወደ ሽማግሌው ዞር አለች፤ ሽማግሌው ደግሞ ወደ ውጭ፣ ወደ ግመሎቹ ዞር አሉ። ለማያውቁት ሰው የቤትን ነገር መተንተን ደስ አላላቸውም።

ቀብሪበያህ ለመድረስ ትንሽ ሲቀር የኋላ ጎማው ድው ብሎ ፈነዳ። የተሳፋሪው ሁሉ እንጥል ዱብ አለ። ሾፌሩ ፋሩቅ ወርዶ ጎማውን ዞሮ አየና «ሃዬ፣ ውረዱ! ትርፍ ጎማውም ቀዳዳ ነው። ከተማ አስጠግኜ እስክመለስ እዚያ ዳሱ ሥር ሻይ ጠጡ» አለ። ተሳፋሪው ትርፍ ጎማውን ሳያይ የወጣን ሾፌር የሚገባውን ያህል ከሰደበ በኋላ ወደ ዳሱ አመራ።

አቶ ገብረየስ፣ መክሊትና ሂንዳ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ሻይ በወተት መጣ። አቶ ገብረየስ እንደ ልማዳቸው አንገታቸውን ዘመም አድርገው ፉት አሉና ወዲያው መሐረባቸውን ወደ አፍንጫቸው ወሰዱ። ሂንዳ አየች፤ ያላየች መሰለች። ጥቂት ቆይታ ግን አላስችል አላት።

«አዴር፣ ድፍረት ከሆነብኝ ይቅር ይበሉኝ። መክሊትን እንጥል ሊያስቆርጧት ነው?»

«ምን ድፍረት አለው? አዎን። ወርዷላ!»

«ወርዷል ያለው ማነው?»

«ይኼ ዓይኔ ነዋ! ተንጠልጥሎ አይቼዋለሁ።»

«ያልተንጠለጠለ እንጥልስ አይተው ያውቃሉ?»

አቶ ገብረየስ መሐረባቸውን አጣጠፉ። እውነቱን ለመናገር ከመክሊት በቀር የማንንም እንጥል አይተው አያውቁም። ሰው የጎረቤቱን ጓዳ ያያል እንጂ የጎረቤቱን ጉሮሮ የት ያያል? ነገር ግን በልጅ መረታት ቀላል አይደለም።

«የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ» አሉ። «የታመመውን ለማወቅ የግድ ጤነኛውን ማየት አለብኝ?»

«እንዴታ! እኛ ትምህርት ስንጀምር መጀመሪያ በሽታ አላሳዩንም። ጤነኛውን ነው ደጋግመው ያሳዩን፤ ጤነኛ ሳንባ፣ ጤነኛ አጥንት፣ ጤነኛ ጉሮሮ፤ ሰልችቶን ነበር። እርስዎ ነጋዴ ነዎት አይደል? ምን ይሸጣሉ?»

«በርበሬ።»

«ንጹሑን በርበሬ የማያውቅ ሰው ባዕድ ነገር የተቀላቀለበትን ይለያል?»

ነገሩ እውስጣቸው ገባ። በበርበሬ የሚመጣባቸው ሰው የለም። «እሱስ አይለይም» አሉ በግድ።

«እንግዲያው ጤነኛ ጉሮሮ ላሳይዎት።» ሂንዳ ስልኳን ከፈተችና አንድ ጥቁርና ነጭ ሥዕል አወጣች። «ሰው ከግንባሩ እስከ አንገቱ እኩል ተከፍሎ በጎን ሲታይ ነው። ማንም አልተቆረጠም፤ ኤምአርአይ የሚባል መሣሪያ ነው በማግኔት ኃይል ውስጡን የሚያሳየው።»

አቶ ገብረየስ መነጽራቸውን ሰክተው ሥዕሉን አስጠግተው፣ አርቀው፣ ደግሞ አስጠግተው አዩት። «ይኼ አፍንጫ... ይኼ ምላስ... ይኸውልሽ! ይኸውልሽ፣ ተንጠልጥሏል! ምን አልኩ! ይኼ ሰው እንጥሉ ምላሱ ላይ ሊተኛ ምንም አልቀረው! ቆይ፣ ከሥሩ ደግሞ ሌላ ቆሟል! ሁለት እንጥል! ኧረ በጊዮርጊስ! ምስኪን፣ ታንቆ ሞተ አይደል? ነፍስ ይማር።»

«አልሞተም፣ አዴር» አለች ሂንዳ ሳቋን ለማፈን እየታገለች። «አጠገብዎ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ ነው። የኔ ጉሮሮ ነው።»

ሽማግሌው ሥዕሉን አዩ፤ ሂንዳን አዩ። ሻይ ቀጂዋ ሳትቀር ሳቀች።

«አዲስ አበባ ስማር መምህራችን ጤነኛ ጉሮሮ ሊያሳየን ፈቃደኛ ሲጠይቅ እኔ ገባሁ። አንድም ቀን ጉሮሮዬን አሞኝ አያውቅም። መጀመሪያ ያዩት እንጥሌ ነው፤ የሁሉም ሰው እንጥል እንዲህ ይንጠለጠላል። ሁለተኛ እንጥል ያሉት ደግሞ የማንቁርት ክዳን ነው። ስንውጥ ወደ አየር ቧንቧው የሚወስደውን መንገድ ይከድንልናል፤ እሱ ባይኖር ይኼ ሻይ ሳንባችን ውስጥ ይገባ ነበር።»

«እሺ፣ ክዳኑስ ሥራ አለው። እንጥሉ ምን ይሠራል? ትርፍ ሥጋ ነው ሲሉ ነው የሰማሁት።»

«እርስዎ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ እኔ መስጊድ እሄዳለሁ። የሁለታችንም ፈጣሪ ትርፍ ሥጋ ሰቅሎ የሚተው ይመስልዎታል?»

አቶ ገብረየስ በዚህ በኩል ትመጣብኛለች ብለው አልጠበቁም ነበር። ጢማቸውን አሻሹ።

«አሁን ደግሞ የሚንቀሳቀሰውን ይዩ» አለች ሂንዳ። «እዚህ ላይ ውሃ እየዋጥኩ ነው። ይኼ ከላንቃው ኋላ ያለው ለስላሳ ሥጋ እንደ መጋረጃ ነው፤ እንጥሉ የመጋረጃው ጫፍ ነው። ስውጥ ይመልከቱት... ብድግ! የአፍንጫውን መንገድ ዘጋው። ውሃው ወደ ላይ መሄጃ ስላጣ ወደ ታች ወረደ። ስንናገርም እንደዚሁ ነው። መጋረጃው ካልዘጋ ድምፁ ወደ አፍንጫ ይሸሻል።»

ይህን ተናግራ ዓይኗን ከሽማግሌው መሐረብ ላይ አነሳች። ልትለው ያላሰበችውን ያለች መሰላት። አቶ ገብረየስ ግን ገና አልገባቸውም፤ ክርክሩ ሞቆላቸው ነበር።

«ልጄ፣ ሥዕልሽ ደግ ነው። ግን አባቶቻችን ይኼን ሁሉ ዘመን ሲቆርጡ ኖረዋል። ሁሉም አለቀ? ሳሉም ይጠፋ ነበር፣ በዓይናችን አይተናል።»

«ሳሉማ ይጠፋል። ጉንፋን ቢቆርጡትም ባይቆርጡትም በሁለት በሦስት ሳምንት ይለቃል፤ ምስጋናውን ግን ምላጩ ይወስዳል። ያላለቁትን ደግሞ እናያቸዋለን፤ ያለቁትን ማን ይቆጥራል? እኔ የምሠራበት ቦታ አንዲት እናት ደሟ አልቆም ያለ ሕፃን ታቅፋ መጥታለች። ምላጩ ከአንዱ ልጅ አፍ ወደ ሌላው ሲዘዋወር የጉበትና የኤችአይቪ በሽታ ያስተላልፋል፤ መንጋጋ ቆልፍም ያስይዛል። ሳሉን ያመጣው ዋናው ሕመም ደግሞ ሳይታከም ውስጥ ለውስጥ ይሄዳል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አይደለም የሚባለው?»

«እኔ ራሴ ተቆርጬ ነው ያደግሁት!» አሉ አቶ ገብረየስ ደረታቸውን መታ አድርገው። «ይኸው ስልሳ ስምንት ዓመቴ! ምን ሆንኩ?»

ሂንዳ ሻይዋን አስቀመጠች። ለዚህ ጥያቄ መልስ ነበራት፤ ሆኖም የአባቷ እኩያ ለሆነ ሰው እንዴት ይነገራል? ጥቂት አሰበችና በጥያቄ መጣች።

«ስንት ዓመትዎ ነበር ሲቆረጡ?»

«እንደ መክሊት፣ አምስት ገደማ ነኝ።»

«ውሃ በአፍንጫዎ መውጣት የጀመረውስ መቼ ነው?»

«እሱማ ከትውልዴ ነው።»

«ከትውልድዎ መሆኑን ማን ነገረዎት?»

አቶ ገብረየስ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ። ማንም አልነገራቸውም። ራሳቸው ነበሩ ያሉት፤ ስለደጋገሙት እውነት መሰላቸው እንጂ። ይልቅ አንድ የረሱት ነገር መጣባቸው፤ እናታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አርጅተው ሰሜን ሸዋ ቤታቸው ተኝተው ሳለ ሊጠይቋቸው ሄደው ነበር። «ሕፃን ሳለህ» አሏቸው እናታቸው፤ «ከማዶ ሆነህ ስትጠራኝ ድምፅህ ወንዝ ተሻግሮ ይመጣልኝ ነበር። ምን በላው ያን ድምፅህን?» በጊዜው የእናት ወግ ነው ብለው ሳቁ። ቀጥሎ ደግሞ የኔታ ትዝ አሏቸው፤ የዜማ ትምህርት በጀመሩ በወሩ «ገብረየስ፣ አንተ ልጅ ልብህ ደግ ነው፤ ዜማ ግን በአፍንጫ አይሆንም» ብለው ያሰናበቷቸው። ያን ዕለት ቤት እስኪደርሱ አልቅሰዋል። ከዚያ ንግድ ገቡ። ቤተ ክርስቲያን ሲያስቀድሱ ተሰጥኦውን፣ ምእመናን ለካህኑ የሚመልሱትን ዜማ፣ ዛሬም ድረስ የሚሉት በለሆሳስ ነው።

«እስቲ እዪው» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «አፌን ልክፈትልሽ፤ እዪና እውነቱን ንገሪኝ።»

ሂንዳ በስልኳ መብራት አይታ ፎቶ አነሳች። መክሊትም ጨዋታ መስሏት «እኔም! እኔም!» ብላ አፏን ከፈተች፤ የእሷንም አነሳች። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርጋ አሳየቻቸው።

«ይኼ የመክሊት ነው። መጋረጃው ሙሉ ነው፤ እንጥሉ መሐል ላይ ነው፤ ወረደ የሚባል ነገር የለውም። በስተጎን ግን ቶንሲሎቿ አብጠው ቀልተዋል፤ ሳሉና ሲውጡ ማመሙ ከዚያ ሊሆን ይችላል፣ ሐኪም ይየው። ይኼ ደግሞ የእርስዎ ነው።» ፎቶውን አጎላችው። «አዴር፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ በትክክል መርምሮ የሚነግርዎት ሐኪም ነው። እኔ የማየው ግን፣ የቆረጠዎት ሰው እንጥሉን ብቻ አይደለም የወሰደው። ከመጋረጃውም ወስዷል። የቀረው ጠባሳ ይዞት አጥሯል፤ ስለዚህ የአፍንጫውን መንገድ ደርሶ መዝጋት አይችልም።»

አቶ ገብረየስ ፎቶውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ስልሳ ሦስት ዓመት «ከትውልዴ» ሲሉ የኖሩት ነገር በሰው እጅ የተሠራ ሆኖ ተገኘ። ተናደዱ ማለት አይቻልም፤ በማን ይናደዱ?

«እናቴ እኮ በፍቅር ነው ያስቆረጠችኝ» አሉ።

«አውቃለሁ፣ አዴር። እርስዎም ዛሬ ጠዋት ሱቅዎን ዘግተው የወጡት በፍቅር ነው።»

ይህች ቃል ልባቸውን ወጋችው። መክሊት ግን የትልልቆቹ ወሬ ሰልችቷት የሂንዳን ጥቁር ቦርሳ ትነካካለች። «እዚህ ውስጥ ምን አለ? የኔን ድምፅ ያሳያል?»

«ያሳያል። አያትሽ ከፈቀዱ።»

አቶ ገብረየስ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ሂንዳ መሣሪያውን ከስልኳ ጋር አገናኘች፤ የሕፃኗን አንገት ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታ የመሣሪያውን ጫፍ በቀስታ አስጠጋች። «ኪል ኪል አለኝ!» አለች መክሊት። ስልኩ ላይ እንደ ጉም ያለ ጥቁርና ነጭ ነገር ታየ፤ በመሐሉ ሁለት ቀጫጭን መስመሮች ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ።

«እነዚህ የድምፅ አውታሮቿ ናቸው» አለች ሂንዳ። «ስትተነፍስ ይከፈታሉ። መክሊት፣ እስቲ ዝፈኚ።»

«ሀ... ሁ... ሂ...»

ሁለቱ መስመሮች ተገናኝተው ተርገበገቡ። ድምፁ በጆሮ ሲሰማ ሥራው በዓይን ታየ። አቶ ገብረየስ በሕይወታቸው እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም። ሻይ ቀጂዋም መጥታ ከኋላቸው ቆመች።

«ድምፅ ይታያል እንዴ፣ ልጄ?»

«ይኸው ታየ። የበቀለ ነገር የለም፣ የሚጎድል ነገር የለም። ጤነኛ ማለት ይኼ ነው፣ አዴር፤ ምንም ማድረግ የማያስፈልገው።»

በዚህ መሐል ፋሩቅ ጎማውን አስጠግኖ መጣና ገጥሞ ጥሩምባውን ነፋ። «ሀርሺን! ግቡ፣ ግቡ!»

ተሳፋሪው ገባ። አቶ ገብረየስ ግን በሩ ላይ ቆሙ። እውነቱን ለመናገር ለአፍታ አመነቱ፤ ቀጠሮ ይዘው መቅረት በዕድሜያቸው አድርገውት አያውቁም፤ አሮጊቷም እየጠበቁ ነው። መክሊት ደረጃው ላይ አንድ እግሯን አድርጋ ሀ ሁዋን ታንጎራጉራለች። ስልሳ ሦስት ዓመት ወደ ኋላ ሄደው አንድ ልጅ ከማዶ እናቱን ሲጣራ የሰሙ መሰላቸው።

«ፋሩቅ፣» አሉ፤ «እኔና ልጅቱን ቀብሪበያህ ጤና ጣቢያ በር ላይ አውርደን። ሀርሺን አንሄድም።» ወደ ሂንዳ ዘወር ብለው ደግሞ «አደራ አለብሽ። ሀርሺን ስትደርሺ እንጥል ቆራጯን ዐርዶን ፈልጊልኝና ሥዕሉን አሳዪያቸው። እንዳትሰድቢያቸው ግን። እሳቸውም እንደ እናቴ ናቸው፤ ያሳያቸው ሰው የለም» አሏት።

«ወላሂ አልሰድባቸውም» አለች ሂንዳ።

ጤና ጣቢያ ወረፋ ሲጠብቁ አቶ ገብረየስ አፍደም ደወሉ። የደበቁትን ሁሉ አንድ በአንድ ተናገሩ። ቀለምወርቅ በዚያኛው ጫፍ ጮኸች።

«አባዬ! አስቆረጥካት?»

«አላስቆረጥኳትም።»

ማልቀሷን ሰሙ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ልጃቸውን ይቅርታ ጠይቀው አያውቁም ነበር፤ ያን ቀን ጠየቁ። እሷም «ሁለተኛ ሳትነግረኝ እንዳታደርግ» አለቻቸው፤ እሳቸውም እንደ ልጅ «እሺ» አሉ። ሐኪሙ የመክሊትን ጉሮሮ አይቶ ቶንሲል መሆኑን ነገራቸው፤ መድኃኒቱንም አሥር ቀን ሳታቋርጥ እንድትወስድ አዘዘ። በሳምንቱ ሳሉ ጠፋ፤ አሥሩን ቀን ግን አስጨረሷት።

ሂንዳ ከሀርሺን ስትመለስ ሱቃቸው መጣች። ዐርዶ ሥዕሉን ካዩ በኋላ «ይኼን ሁሉ ዘመን ስቆርጥ ኖሬ ጤነኛ ጉሮሮ ያሳየኝ የለም» ማለታቸውን ነገረቻቸው። ዛሬ ልጅ ሲመጣላቸው አስቀድመው ወደ ጤና ጣቢያ ይልካሉ ይባላል። ሁልጊዜ ነው ብዬ ለመማል አልደፍርም፤ የእጅ ልማድ በአንድ ቀን አይለቅም። ቢሆንም አንድ ልጅ መትረፉ አንድ ነገር ነው። አቶ ገብረየስን ደግሞ ሂንዳ እየጎተተች ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው፤ ሐኪሙም ጠባሳው የሚረዳበት መንገድ ሊኖር እንደሚችል ነግሮ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ጻፈላቸው። እሳቸው ግን «መጀመሪያ የልጆቹ ነገር ይለቅ» ብለው ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ አኖሩት። በዚህ እኔም ሂንዳም አልተስማማንላቸውም።

የልጆቹ ነገር ያሉት ይህ ነው። የሂንዳን ጉሮሮ ሥዕል በትልቁ አሳትመው ከበርበሬው ጆንያ በላይ ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። ልጇ ስታስልባት የእንጥልን ነገር የምታነሳ እናት ከመጣች፣ አማራም ትሁን ሶማሌ፣ ሚዛኑን ትተው ሥዕሉ ሥር ያቆሟታል። «ይኼ የተንጠለጠለው በሽታ ይመስልሻል? እኔም መስሎኝ ነበር። ጤና ነው! የጓዳሽን መጋረጃ ቆርጠሽ ጓዳሽን ታሳያለሽ? አትቆርጪው፤ ልጅሽ ደሟ አይፈስም። የማንም በሽታ በምላጭ አይገባባትም። የሚያስላትን ሐኪም አይቶ ያገኘዋል፣ ትድናለች። ድምፅዋም የራሷ ሆኖ ይቀራል። ቆርጠሽ ግን መልሼ ልስፋ ብትይ አይሆንም። አላመንሽም? እኔን ስሚኝ፣ ድምፄን!» ይሏታል። ይህን የሚሉት ያለ አንዳች እፍረት ነው፤ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ በለሆሳስ የሚመልሱ ሰውዬ ዛሬ ገበያው እስኪሰማ ይጮኻሉ።

ሰኔ ላይ የመዋዕለ ሕፃናቱ መዝጊያ በዓል ሆነ። ቀለምወርቅም ከአፍደም መጣች። አቶ ገብረየስ ከጎረቤታቸው ከጨርቅ ነጋዴው ከዐብዲኑር ጋር ፊት ለፊት ተቀመጡ። መክሊት ለብቻዋ እንድትዘፍን ተመርጣ ነበር፤ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥላ በሶማሊኛ። ድምፅ ማጉያው በመሐል ጠፋ። ልጅቱ አላቆመችም። ድምፅዋ ግቢውን ሞልቶ፣ አጥሩን አልፎ፣ መንገድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ቆሞ ሰማት።

ዐብዲኑር ዘወር ቢል ገብሬ ሳን መሐረባቸውን አውጥተዋል።

«ምነው ወዳጄ፣ ውሃ ጠጣህ እንዴ?» አላቸው።

«አይ፣ አልጠጣሁም» አሉ አቶ ገብረየስ።